ሱሪ የታጠቀ ነብር

ከየረር ተራራ እስከ ፉሪ ጋራ ባለው ሸለቆ ከእኔ በላይ ታሪክ የሚያውቅ ሰው አለ ቢሏችሁ፣ ያ ሰው ወይ ውሸታም ነው ወይ ከእኔ ሰምቶ የረሳ ደንበኛዬ ነው። ወንድዬ እባላለሁ። አቃቂ፣ በሰቃ ሰፈር፣ ራዲያተር እበይዳለሁ። የአቃቂ መኪና ሁሉ ውሃ የሚይዘው በእኔ እጅ ነው፤ አንድ ጊዜማ የአውሮፕላን ራዲያተር አምጥተውልኝ ሠርቼ መልሻለሁ። ሚስቴ በላይነሽ «የትራክተር ነው» ትላለች። ትራክተር ቢሆንስ? ተነስቶ ሲሄድ መሬት አልነካም።

ቤታችን ወንዙ ዳር ነበር። ወንዙን ታውቁታላችሁ፤ ሰኞ ሰማያዊ፣ ማክሰኞ ቡናማ፣ ሐሙስ ደግሞ ስም ያልወጣለት ቀለም ይዞ ይወርዳል። ከእኛ ቤት ቀጥሎ፣ አጥር እንኳ ሳይለየን፣ የአዴ ዲንቄ ግቢ ነው፤ «አዴ» በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው። አዴ ዲንቄ በዚህ ሸለቆ ከማንም በፊት ያረሰው የጉዲሳ የልጅ ልጅ ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል፤ እኔ ለሰው ስናገር መቶ ሃያ እላለሁ። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ግን ግቢያቸው ውስጥ ሲሄዱ ብታዩዋቸው ዓይናማ ነኝ ማለት ታፍራላችሁ። ከበራቸው ተነስተው የሾላውን ግንድ በግራ እጅ፣ የጉድጓዱን አፍ በምርኩዝ፣ የበረቱን ማገር በትከሻ እየነኩ ጓሮ ይደርሳሉ። ጓሮ ሲደርሱ ይቀመጣሉ። የሚቀመጡበት ቦታ ነው እንግዲህ የዚህ ሁሉ ነገር መነሻ።

ወጥመድ ነው። የነብር ወጥመድ። የእንጨት ወይም የብረት አይደለም፣ የድንጋይ ነው። ሰው በእንብርክኩ ቢገባበት ልክ የሚሆን ጠባብ ዋሻ አስቡ። ውስጥ፣ መጨረሻው ላይ፣ ፍየል ትታሰራለች፤ ነብሩ እንዳይደርስባት በእሷና በእሱ መካከል ድንጋይ ቆሟል፤ ሽታዋና ጩኸቷ ብቻ ያልፋል። ነብሩ ገብቶ ገመዱን ሲረግጥ ከዋሻው አፍ በላይ የተንጠለጠለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ዱብ! በሩ ተዘጋ። የዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ የውስጥ ፊቱ ተቧጭሯል። አራት አራት ሆኖ ከላይ ወደ ታች የወረደ፣ ጣት የሚያስገባ ቡጭሪያ ነው። ተይዘው ያደሩ ነብሮች ሥራ ነው። ወጥመዱ ሥራ ከፈታ ወዲህ ድንጋዩ ወርዶ፣ ያን ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ በዋሻው አፍ ጎን ቆሟል። አዴ ዲንቄ ከልጅነታቸው ጀምሮ አራት ጣታቸውን እዚያ ከተው ሲቀመጡ ኖረዋል። «የአባቴ አባት ቤት ከዚህ ይጀምራል» ይላሉ።

አንድ ቀን የወንዙ ዳር ለልማት ይነሳል ተባለ። ሰፈሩ በሙሉ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚንየም ነው። ለአዴ ዲንቄ የደረሳቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

«አራተኛ ፎቅ ማለት የት ነው?» አሉኝ።

«ከሾላው ጫፍ በላይ ነው፣ አዴ» አልኳቸው። «ደመና በመስኮት ገብቶ በበር ይወጣል።»

«ጓሮውስ?»

ስለ ደመናው ልቀጥል አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ጓሮ መለሱ። «ግድግዳው አያውቀኝም፣ ወንድዬ። የማያውቀኝ ግድግዳ ውስጥ ዓይን የሌለው ሰው ምን ይሆናል? አልጋ ላይ መቀመጥ ነው። እሱ ደግሞ መሞት ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለየው።»

ታዲያ ለሰፈሩ በተጠራው ስብሰባ ላይ አንድ ቃል ተጣለች። ጥንታዊነቱ የተረጋገጠ ነገር ያለበት ግቢ ካለ የቅርስ ባለሙያ መጥቶ አይቶት ግቢው ሳይፈርስ ሊቆይ ይችላል ተባለ። ያን ጊዜ የስብሰባው ሰው፣ አምስት ሺህ ሰው ነበር፣ በላይነሽ አርባም አይሞላም ትላለች፣ በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። ምክንያቱም በሰፈራችን ከቆርቆሮ የሚያረጅ ነገር ያ ወጥመድ ብቻ ነው። ወጥመዱ ከተረፈ የአዴ ዲንቄ ግቢ ይተርፋል። በግቢያቸው ጥግ የተለጠፈው የእኔ ቤትም አብሮ ይተርፋል። ይህን የኋለኛውን ለማንም አልተነፈስኩም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

የሸለቆውን ታሪክ ለሚመጣው ባለሙያ የሚያስረዳ ማን ይሁን ሲባል ያለ ተቃውሞ እኔ ሆንኩ። ተቃውሞ የነበራት በላይነሽ ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ ማንም አልጠየቃት።

አሁን ታሪኩን ልንገራችሁ። በልቅሶ ቤትም፣ በሠርግ ቤትም፣ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ እስረኛ ልጠይቅ ተሰልፌም የማወራው እንዲህ ነው።

ያን ዘመን ይህ ሸለቆ ጫካ ነበር። ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ከአቃቂ ቢነሳ እግሩ መሬት ሳይነካ ዱከም ይደርሳል። ነብር እንደ ጎረቤት ድመት ጣሪያ ላይ ያዛጋል። ከዚያ በፊት የነብር ቆዳ ወይ ለጀግና ለምድ ወይ ለሽማግሌ መቀመጫ ነበር እንጂ ሸቀጥ አልነበረም። ባቡር መጣ፤ ከባቡሩ ጋር የግሪክ ነጋዴዎች መጡ፤ ጣቢያው አጠገብ ተቀምጠው የነብሩንም የጉሬዛውንም ቆዳ በፉርጎ ወደ ጅቡቲ ይጭኑ ጀመር። ያኔ አያቴ ባሻ ተክሌ ከቡልጋ በእግሩ መጣ። ወንዙን አየ፣ ጫካውን አየ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ያን ወጥመድ በአንድ ጀምበር ገነባ። በአንድ ክረምት ሦስት መቶ ነብር ያዘ። ሁለቱን በጥፊ ነው የያዘው። ሸለቆውን ያቀናው እሱ ነው፤ ከእሱ በፊት እዚህ ዓይጥ እንኳ ቤት አልነበራትም።

እውነቱን ደግሞ፣ እናንተ ሩቅ ስለሆናችሁ ብቻ፣ እነግራችኋለሁ። ይህኛው በአዴ ዲንቄ ጓሮ ብቻ፣ ያውም ሳቅ እየቀደመው የሚወራ ነው።

ወጥመዱን የሠራው ጉዲሳ ነው፤ ጥጆቹን ነብር እየፈጀበት። አያቴ በመጣበት ቀን ጉዲሳ ፍየሏን አስሮ፣ ድንጋዩን ሰቅሎ ቤቱ ገብቷል። ባሻ ተክሌ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወንዙ ዳር ደረሰ። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰም። ፍየል ስትጮህ ሰማ። ሊያድናት ገባ፤ ይኼ የእኔ አባባል ነው። አዴ ዲንቄ «ሊበላት ነው» ነው የሚሉት። በእንብርክኩ ገባ፣ ገመዱን ረገጠ፣ ዱብ! ከፍየል ጋር በድንጋይ ተለያይቶ፣ ቢዞር የማይዞር፣ ቢቀመጥ የማይቀመጥ ሆኖ አደረ።

ሲነጋ ጉዲሳ ጦሩን ይዞ መጣ። አጎንብሶ በስንጥቁ ሲያይ ያየው ዓይን ሳይሆን የሱሪ መቀመጫ ነው።

«ነብር ሱሪ መታጠቅ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለ።

«ነብር አይደለሁም! የክርስቲያን ልጅ ነኝ!» አለ አያቴ ከውስጥ።

«ፍየሌስ?»

«ደህና ናት። ሌሊቱን ሙሉ የሰደበችኝ እሷ ናት።»

ጉዲሳ በሳቅ ጦሩን ጣለ። በኋላ ግን ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ይህን ሌባ እናባርር ሲል፣ የወጥመድ ሕግ አለ ብሎ ቆመ። «ወጥመዴ የያዘው የእኔ ነው። የእኔ የሆነ ደግሞ ሜዳ አያድርም፤ ሰው ፊትም አይዋረድም።» ወተት አጠጣው፤ ከግቢው ጥግ ቦታ ሰጠው። እኛ የተለጠፍንበት ጥግ ያ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው ነብር ያዙ። ጥጃው በሰላም ማደሩ ለጉዲሳ፣ ቆዳው ለተክሌ። አያቴ ቆዳውን በችካል ወጥሮ፣ ሥጋውን ፍቆ፣ ጨውና አመድ ነስንሶ ሾላው ጥላ ሥር ያደርቀዋል፤ ፀሐይ ካገኘው ጠጉሩ ይረግፋላ። ደግሞም ነብር አይታ የተረፈች ፍየል አትታረድም ብለው ስለነበር ግቢው አርጅተው በሞቱ ፍየሎች ተሞልቶ ነበር ይባላል።

ነብሩ አለቀ። የመጨረሻውን መቼ እንደያዙት የሚያውቅ የለም፤ ሲይዙት የመጨረሻ መሆኑን አላወቁማ። ጫካውን ባቡሩ በላው፣ ያኔ የሚነዳው በእንጨት ነበር። ጉሬዛው የሚዘልበት ዛፍ አጣ። ከዚያ የባቡር ሠራተኛው ሠፈረ፣ ፋብሪካው ቆመ፣ የእኔ አባት ፋብሪካ ገባ፣ የአዴ ዲንቄ አባት ማሳው ላይ የፋብሪካውን ጭስ አየ። ቀረ የተባለው ወጥመዱ ብቻ ነው።

ባለሙያዋ ቅዳሜ ትመጣለች ተባለ። ሐሙስ ዕለት የእድራችን ዳኛ አቶ ፀሐዩ መጣ። ፀሐዩ ዕድሜውን የፈጀ ግንበኛ ነው። ወጥመዱን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ሻጋታው፣ ሽበቱ፣ በየስንጥቁ የበቀለው ሣር። ራሱን ነቀነቀ።

«ወንድዬ፣ ይኼን ነው ለመንግሥት እንግዳ የምናሳየው?»

«ምን ሆነ?»

«ቆሽሿል እኮ! ሙሽራ ሊያዩ ሲመጡ ፊቷን ሳታጥብ ታቀርባለህ?»

በውነት ነው የምላችሁ፣ በዚያ ሰፈር ይህን ሐሳብ የተቃወመ አንድ ሰው አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ ይጠረጋል፣ ይለሰናል፣ ይቀባል። ጥምቀት ሲመጣ የግንብ አጥራችንን፣ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳናችንን የምናጥብ ሰዎች ነን። ዓርብ ጠዋት የእድሩ ሰው በሙሉ ወጣ። ሣሩ ተነቀለ፣ ሻጋታው በሽቦ ብሩሽ ተፋቀ፣ ስንጥቁ በሲሚንቶ ተሞላ። ያ የተቧጨረው ድንጋይ ተራ ሲደርሰው ፀሐዩ «ይኼስ ፊቱ ፈንጣጣ የያዘው ይመስላል» ብሎ ወፍራም ልስን ጣለበት፤ እኔ ነኝ የግንበኛ ማንኪያውን ያቀበልኩት። ከላይ እስከ ታች ኖራ ተቀባ። እንዲያ አምሮ አያውቅም! ከደብረ ዘይት መንገድ ላይ ሆኖ ይታይ ነበር፤ አሽከርካሪዎች ዓይናቸውን ይይዛሉ።

ልስኑ ሳይደርቅ አንድ ነገር ጎደለ ብዬ ሚስማር አነሳሁ። በበሩ ድንጋይ ላይ በትልቁ «በ1632 ዓ.ም. በባሻ ተክሌ ተሠራ» ብዬ ጻፍኩ።

በላይነሽ የታጠበ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አነበበችው።

«አያትህ በ1632 ነው በባቡር ዘመን የመጡት?»

«ቀድመው ተሰልፈው ነው።»

«ወንድዬ፣ ተው። አዴ ሌላ ቤት የላቸውም።»

«ለእሳቸው ብዬ እኮ ነው! መቶ ዓመት ለማንም አይደንቅም። አራት መቶ ሲሆን ግን ዶዘር ይፈራል።»

አዴ ዲንቄ ያን ዓርብ ቀኑን ሙሉ የእህታቸው ልጅ ጋዲሴ ጋ ነበሩ። ቅዳሜ ማለዳ ሾላውን፣ ጉድጓዱን፣ ማገሩን እየነኩ ጓሮ ወጡ። እጃቸው ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ቆሙ። ወደ ላይ ዳበሱ፣ ወደ ታች ዳበሱ። አራት ጣታቸውን ዘርግተው ቡጭሪያውን ፈለጉ። ልሙጥ ነው።

«ምን አለበስከው?» አሉኝ።

«ሙሽራ አደረግነው፣ አዴ!»

ጣታቸውን አሸቱት። ሲሚንቶ ሸተታቸው። ከዚያ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ግን ጭናቸው ላይ አደረጉት።

ባለሙያዋ ሶሊያና ትባላለች። ወጣት ናት፣ ጭቃ የማትፈራ ጫማ ያደረገች፣ ሰው ሲያወራ ዓይኑን የምታይ። ያን ዕለት ግቢው ውስጥ የነበረውን ሕዝብ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ወጥመዱን ስታይ ቆመች። ጽሑፉን አነበበች። ወደ ሰማይ አየች፤ ተመልሳ አነበበች።

«ጋሼ፣ ባሻ ተክሌ ማን ናቸው?»

«አያቴ!»

«የአባትዎ አባት?»

«የአባቴ አባት!»

«በ1632 የሠሩት?»

«ወጣት እያሉ ነው» አልኩ።

ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሶሊያና አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የስልኳን መብራት ወደ ውስጥ አበራች፤ ጥፍሯን ልስኑ ላይ ጫን አደረገች፤ ኖራው እጇ ላይ ቀረ። «ይኼ ትናንት የተሠራ ነው» አለች።

«የታደሰ!» አለ ፀሐዩ።

«ከሥሩ ምን አለ?»

«ድንጋይ።»

«ድንጋዩ ላይ የሚታይ ነገር ነበር? ምልክት፣ ጽሑፍ፣ የድንጋዮቹ አያያዝ፣ ምንም?»

አሁን ይህን ጥያቄ በትክክል አስተውሉት። ድንጋዩ ላይ የሚታይ ነገር ነበር ወይ አለችኝ። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ስለ ሦስት መቶው ነብር ልጀምር አፌ ተከፍቶ ነበርና ጥያቄዋን ዘልዬ ቀጠልኩ። ነብሮቹ መጡ፣ በጥፊ የተያዙት መጡ፣ አንዱ ነብር አያቴን አይቶ ራሱ ቆዳውን አውልቆ ሰጠ። እሱን እዚያው ነው የፈጠርኩት፤ ጥሩ ወጣልኝ። ሕዝቡ ሳቀ። ሶሊያናም በመጨረሻ ሳቀች፤ እኔም ተሳካ ብዬ ደረቴ አበጠ።

ስትስቅ ቆይታ ወደ አዴ ዲንቄ ዞረች። አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «እማማ፣ የዚህ ግቢ ባለቤት እርስዎ ነዎት አሉኝ። እርስዎ የሚያውቁትን ይንገሩኝ እስቲ። ወጥመዱን የሠራው ማን ነው?»

ሕዝቡ ተጠጋ። የሱሪው ታሪክ በአዴ ዲንቄ ከንፈር ላይ ሲመጣ አየሁት። ምላሳቸው ላይ ደርሷል። እሱን ቢያወሩ፣ የሚያወሩት እኮ ፍየሏ ስትጮህ እየጮሁ፣ ድንጋዩ ሲወድቅ መሬቱን በምርኩዝ እየመቱ ነው፤ ቢያወሩ ያቺ ልጅ ልስኑን በጥርሷ ታነሳው ነበር። ፊታቸውን ወደ እኔ ድምፅ አዞሩ። እዚያ ያለውን ሕዝብ ትንፋሹን ሰሙ፤ እድሩን፣ ደንበኞቼን፣ ልጄን የዳርኩላቸውን ዘመዶች።

«ልጁ እንዳለው ነው» አሉ።

«ሦስት መቶ ነብር?»

«ልጁ እንዳለው ነው፣ ልጄ።»

ሶሊያና ተነሳች፤ ጉልበቷን አራገፈች። ጨዋ ልጅ ናት፣ አልጮኸችም። «እዚህ ጥንታዊ ነገር የለም። ቢኖርም እናንተ አጥፍታችሁታል። አዝናለሁ» አለች። ግቢው ከሌላው ጋር እንደሚነሳ እዚያው ቆማ ተናገረች። ስልኬን ሰጥቻት የእሷን ተቀበልኩ፤ ባለሥልጣን ሁሉ ስልኩን ይሰጠኛል።

ሰው ሲበተን በላይነሽ አዴ ዲንቄ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። «ለምን አልነገሯትም? ለምን ዝም አሉ አዴ?»

«ሰው ፊት?» አሉ። «የእኛ ወጥመድ የያዘውን?»

ዶዘሩ የመጣው ከጥቅምት ሚካኤል በኋላ ነው። የሚያሽከረክረው ሮሪሳ የሚባል ልጅ ነበር፣ ዝምተኛ። የእኔን ቤት ሲነካው ወደቀ፤ መንካቱን እንኳ አልወቅሰውም፣ ቤቱ ራሱ ደክሞት ነበር። ወደ ወጥመዱ ሲደርስ የዶዘሩን የፊት ብረት አስጠግቶ አንዴ ገፋ። ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ በጀርባው ወደቀ። ሲወድቅ የፀሐዩ ልስን እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጠቀና «በ1632» ከነኖራው ተፈነቀለ።

ከሥሩ ቡጭሪያው ብቅ አለ። አራት፣ አራት፣ አራት። ከላይ ወደ ታች። ሲሚንቶው በየጉድጓዱ ነጭ ሆኖ ቀርቶ ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ፀሐይ በጎን ስታገኘው ነብሩ አሁን የወጣ ይመስላል።

ሮሪሳ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ መጣ። «ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ነብር ነው።»

እጁን ከተተበት። አራት ጣቱ ገባ። «ወላሂ» አለ ቀስ ብሎ።

ስልኬን አወጣሁ። ሌንሱን በሸሚዜ ጫፍ ወለወልኩት። ፎቶ አነሳሁ፣ በቴሌግራም ለሶሊያና ላክሁ። «ይኸው እውነተኛው። ከልስኑ ሥር ነበረ። ቶሎ ነይ።» ወዲያው አየችው። እየጻፈች መሆኑ ታየኝ። ሮሪሳም አንገቱን አስግጎ ያያል።

መልሱ መጣ። «ጋሼ፣ ይኼኛውን ደግሞ በምን ቆፈሩት?» ከጎኑ የሚስቅ ፊት አለ።

ደወልኩላት። «እማማ ዲንቄን ጠይቂ!» አልኳት። «ድንጋዩ ይናገራል! ይኸው ሾፌሩን ላገናኝሽ!» ሮሪሳ ስልኩን ተቀበለ፤ «እውነት ነው፣ ድንጋዩ ላይ ቡጭሪያ አለ» አላት። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። መልሶ ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም።

«ምን አለችህ?»

«እሳቸው ናቸው ያስጠኑህ? አለችኝ» አለና ወደ ዶዘሩ ወጣ። «ጋሼ፣ መኪናው እየጠበቀኝ ነው።»

ድንጋዩ ከሌላው ፍርስራሽ ጋር ተጫነ። ለወንዙ ግንብ መሙያ እንደሚሆን ሰማሁ። የትኛው ቦታ እንደገባ ፈልጌ አላገኘሁም፤ የወንዙ ግንብ ረጅም ነው፣ ፊቱ ልስን ነው፣ ልስኑ ደግሞ የሚያምር ነው።

አሁን ኮዬ ፈጬ ነን። እኔ ምድር ቤት፣ አዴ ዲንቄ አራተኛ ፎቅ። ጋዲሴ ጠዋት ምግባቸውን ሠርታ በአውቶቡስ ሥራ ትሄዳለች፤ ቀኑን ብቻቸውን ናቸው። ከአልጋው እስከ በሩ ያለውን ግድግዳ እየዳበሱ ይመጣሉ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ግድግዳው ያልቅባቸዋል። ከዚያ ወዲያ ደረጃ ነው። ደረጃው ደጋፊ ብረት የለውም። ይመለሳሉ። መጀመሪያ ሰሞን ቀን ቀን ብዙ ጊዜ ይሞክሩት ነበር፤ አሁን የሚደርሱት አልጋቸው ዳር እስካለው ጥግ ብቻ ነው። መናገርም ቀንሰዋል።

አንድ ከሰዓት ልጠይቃቸው ወጣሁ። በዚህ ኮንዶሚንየም ደረጃ እንደ እኔ የሚወጣ የለም፣ ሳልተነፍስ ነው አራተኛ የምደርሰው። ከአልጋቸው ዳር ተቀመጥኩ። ወደ እኔ ዞሩና፣

«ድንጋዩስ?» አሉኝ።

ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ስለ ድንጋዩ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው። ምን ልበል? በላይነሽ እውነቱን ንገራቸው ስትለኝ ከርማለች። እሷ ግን ፊታቸውን አላየችም።

«ሙዚየም ገባ!» አልኩ።

«ውሸት።»

«እናቴ ትሙት! ልስኑ ሲወድቅ ጥፍሩ ወጣ፤ ያቺ ልጅ እየሮጠች መጣች፣ ስታየው ተንበረከከች። በክሬን ነው የጫኑት። አሁን መስታወት ውስጥ ነው፤ መብራት በርቶበታል፤ ፈረንጅ ተሰልፎ ያየዋል።»

ቀና አሉ። «ጥፍሩ ይታያል?»

«ከበሩ ጀምሮ!»

«የጉዲሳ ስም አለ?»

«በትልቁ! ከላይ!»

«የሱሪውንስ ነገር ጽፈውታል?»

«በሦስት ቋንቋ!» አልኩ።

ሳቁ። ከበሰቃ ከወጣን ወዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ያ ጥርስ የሌለው ሳቅ ክፍሉን ሞላው፤ ምርኩዛቸውን አንስተው ወለሉን ዱብ አደረጉት፣ ድንጋዩ ሲወድቅ እንደሚያደርጉት፤ ከታች ያለው ጎረቤት ጮኸ። እኔም ሳቅሁ። በሕይወቴ ካወራሁት ሁሉ ያን የመሰለ አልወጣልኝም።

ሳቃቸው ሲበርድ እጄን ፈለጉና ያዙኝ። «እንግዲያው ውሰደኝ» አሉ። «መንካት ይፈቅዳሉ?»

«ለአንቱ ብቻ» ብዬ ነበር፤ አፌ ነው፣ ይቀድመኛል።

«መቼ?»

«ነገ።»

ነገ መጣ፤ ሙዚየሙ ቀለም እየተቀባ ነው አልኩ። በሌላው ቀን አውቶቡሱ ተበላሸ፣ ራዲያተሩ ነው፣ እኔ ራሴ ነኝ የምሠራው አልኩ። ከዚያ በዓል ሆነ። ከዚያ እንግዳ መጥቶ ተዘጋ። በላይነሽ «አልቻልህም እንዴ አንድ ጊዜ እንኳ ይኼን አፍህን?» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ እላታለሁ፣ እሺ፣ ውጪና አንቺ ንገሪያቸው። ግማሽ ደረጃ ወጥታ ተመለሰች።

ዛሬ ጠዋትም ወጣሁ። በሩ ክፍት ነው። አዴ ዲንቄ ነጠላቸውን ለብሰው፣ የዓመት በዓል ጫማቸውን አድርገው፣ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጋዲሴ እንደነገረችኝ ሙዚየሙን ካወራሁላቸው ቀን ጀምሮ በየማለዳው እንዲህ ነው የሚለብሱት።

«ወንድዬ? ዛሬ ነው?»

«ዛሬ ዝግ ነው፣ አዴ።»

«እሺ» አሉ። ጫማቸውን አላወለቁም። እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው አራት ጣታቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉና ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች፣ ልስኑን መዳበስ ጀመሩ።